«አንድ አልጋ ነው የምንፈልገው»፦ ሁለት ሴቶች፣ አንድ ሳምንት፣ ደቡብ ስፔን

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፈው ከስዊድን ነው። እኔና ጓደኛዬ፣ ፍቅረኛዬ ማለቴ ነው፣ አብረን መኖር ከጀመርን ሦስት ዓመት ሆነን። ሁለታችንም ሐበሻ ነን። እሷ የስዊድን ፓስፖርት አላት። እኔ የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የስዊድን መኖሪያ ፈቃድ ነው ያለኝ። በመስከረም አጋማሽ ላይ አንድ ሳምንት ፀሐይና ባሕር ያለበት አገር መሄድ አስበናል። እጅ ለእጅ ተያይዘን ብንሄድ ሰው ዞሮ የማያየን ቦታ ቢሆን ደስ ይለናል። ስፔን ትሻላለች የሚሉ አሉ፤ ግሪክ የሚሉም አሉ። ሆቴል አንድ አልጋ ስንጠይቅ ምን እንላለን? ሐበሻስ አይገጥመንም? እናቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ በየማታው በቪዲዮ ትደውላለች።»

ምላሽ፦ እህቴ፣ የእናትሽ ነገር አሳቀኝ። ኋላ እመለስበታለሁ።

ሥራዬ ጉዞ ማዘጋጀት ነው። ደንበኞቼ አብዛኞቹ አውሮፓ ውስጥ የሚኖሩ ሐበሾች ናቸው። እንደናንተ ያሉ ጥንዶችም ይመጣሉ። አንዳንዶቹ ራሳቸውን «ዜጋ» ይላሉ፤ አንዳንዶቹ ጌይ ወይም ሌዝቢያን ይላሉ። የሚበዙት ግን ምንም አይሉም። «ከጓደኛዬ ጋር ነኝ» ብለው ዝም ይላሉ፤ እኔም ዝም ብዬ እመዘግባለሁ። አንቺ ግን በግልጽ ስለጠየቅሽ እኔም በግልጽ እመልሳለሁ።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። ስፔን ሂዱ። ማላጋ ውረዱ፣ ቶሬሞሊኖስ እደሩ። ሰባት ሌሊት ይበቃችኋል። ምክንያቱን ላስረዳሽ፤ ኢንተርኔቱ የሚነግርሽ ምናልባት ሌላ ስለሆነ ነው።

«ለኤልጂቢቲ ምቹ» ብለሽ ስትፈልጊ ስፔን ላይ ሦስት ስም ደጋግሞ ይመጣልሻል። ማስፓሎማስ፣ ሲቸስ እና የማድሪዱ ቹዌካ። ሦስቱም ስማቸው በከንቱ አልወጣም። ችግሩ እንዲህ ያሉ ዝርዝሮች ላይ «ምቹ» ማለት አብዛኛውን ጊዜ ለወንዶች ምቹ ማለት ነው። ማስፓሎማስ በግራን ካናሪያ ደሴት ደቡብ ጫፍ ላይ ነው። ዩምቦ የሚባል ትልቅ የገበያ ማዕከል አለ። ቀን ቀን ሽቶና የባሕር ፎጣ ይሸጥበታል። ሲመሽ ግቢው በሙሉ ቡና ቤት ይሆናል። ታዲያ ከአሥሩ ጠጪ ስምንቱ ወንድ ቢሆን አይግረምሽ። መጥፎ ነገር አያገኛችሁም፤ ግን የሌላ ሰው ድግስ ላይ የተገኛችሁ ሊመስላችሁ ይችላል። በጥር ወር ጠይቀሽኝ ቢሆን ግን ያለ ምንም ማመንታት ግራን ካናሪያ እልሽ ነበር። ስዊድን በጨለማ ስትዋጥ እዚያ ቀኑ ሃያ ዲግሪ ያልፋል።

ሲቸስ ከባርሴሎና በባቡር አርባ ደቂቃ ያህል ነው። ነጫጭ ቤቶች፣ ባሕሩ አፍ ላይ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን፣ ጠባብ መንገዶች። ልብ የሚሰርቅ ከተማ ነው። ኪስም ይሰርቃል፤ ውድ ነው ለማለት ነው። ቹዌካ ደግሞ ማድሪድ መሀል ያለ ሰፈር ነው። ባሕር የለውም፤ አለቀ።

አሁን ወደ ሕጉ። ሰው አሰልቺ ነው ይላል፤ እኔ ግን ቦታ ስመርጥ ከፎቶው በፊት የማየው እሱን ነው። ቀኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ስፔን ውስጥ ሁለት ሴቶች ወይም ሁለት ወንዶች መጋባት የቻሉት ከጁላይ 3 ቀን 2005 ጀምሮ ነው። ከኔዘርላንድስና ከቤልጂየም ቀጥሎ በዓለም ሦስተኛዋ ናት። ፓርላማው 187 ለ147 ነው ያጸደቀው። ተቃዋሚው ፓርቲ ጉዳዩን ወደ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ወሰደው። ፍርድ ቤቱ በ2012 ኖቬምበር ሕጉን አጸና። ይህን የምነግርሽ ለታሪኩ ብዬ አይደለም። ቡና የሚያቀርብልሽ የሃያ ዓመት አስተናጋጅ ሁለት ሴቶች የማይጋቡበት ስፔን ኖሮ አያውቅም። ለሱ እናንተ ዜና አይደላችሁም። ለዚህ ነው አንድን አገር «ሕጉ አለ ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ስንት ዓመት ሆነው?» ብዬ የምጠይቀው። ፖርቱጋል በ2010፣ ማልታ በ2017፣ ግሪክ በ2024 ፈቅደዋል። ጣልያን እስካሁን ያላት በ2016 የወጣው የጥንዶች ምዝገባ ብቻ ነው፤ ጋብቻ አይደለም።

ቶሬሞሊኖስ ግን ከሕጉም በላይ ያረጀ ታሪክ አላት። በአምባገነኑ መሪ በፍራንኮ ዘመን፣ በ1960ዎቹ፣ አገሩ በሙሉ አፉን ተለጉሞ ሳለ ይህች የዓሣ አጥማጆች መንደር ቱሪስት መጥቶባት ነበር። ፓሳሄ ቤጎኛ የሚባል አንድ መተላለፊያ ውስጥ ቡና ቤቶች ተከፈቱ፤ ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት ጋር የሚቀመጥባቸው። ጁን 24 ቀን 1971 ሌሊት ፖሊስ ከበበው። ከ100 በላይ ሰው ታሰረ፤ የውጭ አገር ሰዎቹ ተባረሩ። ከአንድ ዓመት በፊት የወጣ ሕግ እንዲህ ያለውን ሰው «ለማኅበረሰብ አደገኛ» ይለው ነበር። ግብረ ሰዶም የሚባለው ነገር ከዚያ ሕግ የወጣው ፍራንኮ ከሞተ በኋላ፣ በ1979 ነው። መተላለፊያው ዛሬም አለ። ብትፈልጉት ከባቡር ጣቢያው በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። አጭር ነው፤ ሳታውቂ ታልፊዋለሽ።

የምመርጥበት ዋና ምክንያት ግን ይህም አይደለም። መንገዱ ነው። ደንበኞቼ ተመልሰው ሲያማርሩ አንድ ነገር አስተውያለሁ። በባሕር ዳርቻው ወይም በምግብ ቤቱ ያማረረ የለም። ሁሉም የሚያማርረው ከእራት ወደ መኝታ ባለው መንገድ ላይ ስለገጠመው ነው። ባለ ታክሲው በመስታወት ሲያፈጥ፣ የመጨረሻው አውቶቡስ ሲያመልጥ፣ ጨለማ ጎዳና ላይ የሰከሩ ጎረምሶች ሲለክፉ። ስለዚህ አገርም ሆቴልም ከመምረጣችሁ በፊት ያንን መንገድ ምረጡ። በእግር ይሁን፣ ብርሃን ይኑረው፣ ሰው አይጥፋበት።

ቶሬሞሊኖስ ላይ ይህ ይሟላል። ከማላጋ አውሮፕላን ማረፊያ ሲ-1 የሚባለው የከተማ ዳርቻ ባቡር በየሃያ ደቂቃው አለ። አሥር ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጀው፤ ዋጋውም ሁለት ዩሮ አካባቢ። ጣቢያው ከመሬት በታች ነው። ሻንጣችሁን እየጎተታችሁ ስትወጡ የምትደርሱት ላ ኖጋሌራ የሚባለው ሰፈር ላይ ነው፤ ቡና ቤቶቹ ያሉትም እዚያው። ጠዋት ብታዩት «ይሄ ነው እንዴ?» ትላላችሁ። ነጫጭ የአፓርትመንት ሕንጻዎች፣ ስኒ ፊታቸው ያደረጉ አሮጊቶች፣ አግዳሚ ወንበር ስር የተኛ ውሻ። ማታ በእኛ አቆጣጠር ከስድስት ሰዓት በኋላ ሌላ ቦታ ይሆናል። ኖጋሌራ ላይ ተዝናኑ እንጂ አትተኙበት፤ ሙዚቃው እስኪነጋ አይተኛም። አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ ቦታ ያዙ። ካዬ ሳን ሚጌል የሚባለውን የገበያ መንገድ ይዛችሁ ስትወርዱ ወደ ባሕሩ የሚያደርስ ቁልቁል ደረጃ አለ። ረጅም ነው። ሻንጣ ይዛችሁ አትሞክሩት። ሲመለሱ ደግሞ ጉልበት ይፈትናል፤ እኔ መሀል ላይ ቆሜ ፎቶ የማነሳ መስዬ ነው የማርፈው።

ስለ ቀኑ አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። የመስከረም አጋማሽ ብለሻል። መስቀል ሴፕቴምበር 27 ላይ ይውላል። ሴፕቴምበር 29 ደግሞ የቶሬሞሊኖስ ንግሥ ነው፤ የከተማዋ ጠባቂ ቅዱስ ሚካኤል ነው። በዚያ ሰሞን በበሬ በሚጎተቱ ሠረገላዎችና በፈረስ ሆነው ወደ ጥድ ጫካው ይወጣሉ፤ ሴቶቹ ባለ ጥብጣብ ቀሚስ ይለብሳሉ፤ ዘፈን፣ ጭፈራ፣ ርችት። እኛ አገር ሚካኤል ሲነግሥ ያየ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ታቦት የለውም እንጂ። ድምቀት የምትወዱ ከሆነ በዚያ ሳምንት ሂዱ። ጸጥታ ከፈለጋችሁ አንድ ሳምንት ቀደም በሉ። ባሕሩ በሁለቱም ጊዜ ለመዋኘት ይሆናል፤ ግን ለብ ያለ ውኃ አትጠብቁ፤ የማላጋ ባሕር በበጋም ቀዝቀዝ ይላል። ለስዊድን ሰው ምን አላት።

አሁን አልጋው። ይህን ጥያቄ የማያነሳ ጥንድ ገጥሞኝ አያውቅም። የሚነሳው ግን ብዙ ጊዜ ከጉዞው በኋላ ነው።

አንድ ጊዜ ሁለት ሴቶች ወደዚያው አካባቢ ላክሁ። ስማቸውን መዘገብኩ፣ «ባለ ሁለት ሰው ክፍል» አልኩ፣ ጨረስኩ። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ልጅ ሁለት የሴት ስም አየ፤ ሁለት ጓደኛሞች ናቸው አለና ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ሰጣቸው። እነሱም አፍረው ዝም አሉ። በመሀሉ የምሽት ጠረጴዛ ያለበት፣ ግድግዳ ላይ የተተከለ አልጋ ነው፤ መግፋትም አይቻል። ሳምንቱን በሙሉ እዚያ ተኝተው ተመልሰው መጡ። የሰዎቹ ክፋት አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። አለመጻፌ።

ከዚያ ወዲህ እጽፋለሁ፤ አንቺም ጻፊ። ቦታ ያዥና በዚያው ቀን ለሆቴሉ በኢሜይል እንዲህ በይ፦ «ሁለት ሴቶች ነን፤ ጥንዶች ነን። የምንፈልገው አንድ ትልቅ አልጋ ነው። ሁለት የተገጣጠሙ አልጋዎች አይደለም።» የመጨረሻዋን አትርሻት። ስፔን ውስጥ ብዙ ሆቴል ሁለት ትንንሽ አልጋ ገጥሞ አንድ አንሶላ ያለብስበታል፤ እኩለ ሌሊት ላይ መሀሉ ይከፈትና አንዳችሁ ትሰምጣላችሁ። በአካል ስትደርሱ ደግሞ የምትሉት ይህን ነው፦ «ሶሞስ ፓሬሃ፤ ኡና ካማ ደ ማትሪሞኒዮ፣ ፖር ፋቮር።» ጥንዶች ነን፤ አንድ ትልቅ አልጋ እባክዎ ማለት ነው። ስፔኖች ትልቁን አልጋ ምን ብለው እንደሚጠሩት አየሽ? ካማ ደ ማትሪሞኒዮ። ቃል በቃል የጋብቻ አልጋ። ያላገባም ይተኛበታል፤ ስሙ ግን እንደዚያ ነው። ይህን ለደንበኞቼ ስነግራቸው ይስቁና ከሁሉ ቀድመው የሚያጠኑት ይህን ቃል ይሆናል።

ኢሜይሉ ሌላ ጥቅምም አለው። መልሱን አንብቢ። «ተመዝግቧል፤ እንጠብቃችኋለን» ካሉ ጥሩ። ሳምንት ሙሉ ዝም ካሉ፣ ወይም «ሁለት አልጋ አይሻላችሁም?» ብለው ከጠየቁ፣ ያለ ክፍያ መሰረዝ የሚቻልበት ጊዜ ሳያልፍ ሌላ ፈልጊ። ድረ ገጽ ላይ ባለ ቀስተ ደመና ባንዲራ መለጠፍ ለማንም ቀላል ነው። የምትጽፍልሽ የሆቴሏ ሠራተኛ ናት የምትቀበልሽ፤ ባንዲራው አይደለም።

ሆቴሉ የሁለታችሁንም ፓስፖርት ይጠይቃል፤ መረጃውንም ይመዘግባል። ይህ ሲነገራቸው የሚደነግጡ አሉ። «ኤምባሲያችን ይሄዳል?» ይሉኛል። የሚሄደው ለስፔን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው። ከዲሴምበር 2024 ጀምሮ ሆቴሎች ከበፊቱ የበለጠ ብዙ ዝርዝር እንዲሞሉ ይገደዳሉ፤ ስለዚህ ሁሉም እንግዳ የሚያልፍበት ነገር ነው። እርስ በርስ ምን ናችሁ ብሎ የሚጠይቀው አብሮ ልጅ ሲኖር ብቻ ነው።

ስለ ወረቀት ካነሳን፣ አንቺ ቪዛ አያስፈልግሽም። የስዊድን መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው በሸንገን አገሮች ውስጥ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ይችላል። ግን ካርዱ ብቻውን አይበቃም፤ ጊዜው ያላለፈበት ፓስፖርት አብሮ መያዝ አለበት። ካርድ ብቻ ይዞ አውሮፕላን ማረፊያ የቀረ ሰው አውቃለሁ። ይህን የምታነቡ ሌሎችም ትኖራላችሁና፦ ለንደን ወይም ዋሽንግተን ሆናችሁ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከያዛችሁ፣ የዚያ አገር መኖሪያ ወረቀት ቢኖራችሁም ለሸንገን ቪዛ ማመልከት አለባችሁ። ክፍያው 90 ዩሮ ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ይጠየቃል። ከጉዞው ስድስት ወር ጀምሮ ማመልከት ይቻላል፤ አሥራ አምስት ቀን ሲቀረው ግን ጊዜው አልፏል። አንቺና ጓደኛሽ ደግሞ የስዊድን ጤና ዋስትና ውስጥ ስላላችሁ የአውሮፓን የጤና ካርድ በነፃ አውጡ። ሰማያዊዋ ካርድ። ስፔን የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች።

አሁን ያልጠየቅሽኝን ልናገር። ሁለት ሴቶች ብቻ አይደላችሁም፤ ሁለት ጥቁር ሴቶች ናችሁ። እውነቱን ለመናገር ደንበኞቼ ስፔን ላይ ሰው አፈጠጠብን ሲሉኝ በእጅ ለእጅ መያያዛቸው ይሁን በቀለማቸው ብዙ ጊዜ እነሱም አያውቁም። ባቡር ጣቢያ ላይ ፖሊስ ከሁሉ ሰው መሀል እናንተን መርጦ መታወቂያ ሊጠይቅ ይችላል። አዲስ ነገር አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ በ2009 በዚሁ ጉዳይ ስፔን ላይ ወስኖባታል፤ ከሳሿ ጣቢያ ላይ በቀለሟ ምክንያት ብቻ የተጠየቀች ጥቁር የስፔን ዜጋ ነበረች። ስለዚህ ወረቀታችሁን ሆቴል ትታችሁ አትውጡ፤ የውጭ አገር ሰው መታወቂያውን መያዝ እዚያ ግዴታው ነው። ሲጠይቁ ስጡ፤ ተቀበሉ፤ ሂዱ። የባሕር ዳር ቀናችሁን ለአንድ ፖሊስ አትስጡት።

ሌላውንም አልደብቅሽም። በጁላይ 2021 በሰሜን ምዕራቧ ከተማ አ ኮሩኛ አንድ የ24 ዓመት ወጣት ሌሊት ጎዳና ላይ ተደብድቦ ተገደለ፤ እየደበደቡት ይሰድቡት የነበረው ጌይ ብለው ነው። በየከተማው ሰው ለተቃውሞ አደባባይ ወጣ። ገዳዮቹም ተፈርዶባቸዋል። እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ የሚሆን አይደለም፤ ግን ስፔን ገነት ናት ብሎ የሚሸጥልሽ ሰው ካለ ተጠራጠሪው። አንድ ነገር ቢፈጠር የምትደውሉት 112 ላይ ነው፤ ነፃ ነው።

ወደ ደስ የሚለው እንሂድ። ምግብ። ስፔኖች ምሳ የሚበሉት በእኛ ሰዓት ከስምንት እስከ አሥር፣ እራት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነው። አንድ ሰዓት ላይ ብትሄዱ ባዶ ቤት ውስጥ ከሌሎች የሰሜን አውሮፓ ቱሪስቶች ጋር ትቀመጣላችሁ። ከስዊድን ሸሽታችሁ ስዊድን መግባት ነው። ላ ካሪዌላ ወደሚባለው የድሮ የዓሣ አጥማጆች ሰፈር ሂዱ። ባሕሩ ዳር አሸዋ የተሞላ ጀልባ ታያላችሁ። የእንጨት ፍም ተዘርግቶበታል። ሰውዬው ስድስት ሰርዲን ዓሣ በአንድ ሸንበቆ ይሰካና ሸንበቆውን ከፍሙ ጎን አሸዋው ላይ ያቆመዋል፤ ዓሣው እሳቱ ላይ ሳይሆን እሳቱን ፊት ለፊት እያየ ይበስላል። ጭሱ ወዴት እንደሚነፍስ እያየ ጀልባውን ያዞራል። ኤስፔቶ ይሉታል። ደረቅ ጨውና ሎሚ። በእጅ ነው የሚበላው፤ ለኛ ማን ያስተምረናል?

የምትጾሙ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። ዓሣ ለጾም ይሁን አይሁን የሚለውን ክርክር ለእናንተ ትቻለሁ። የኔ ጭንቀት አሳማው ነው። ሃሞን የሚሉት የደረቀ የአሳማ ሥጋ እንደ ቅመም ነው የሚበተነው። ሳልሞሬሆ የሚባል ቀዝቃዛ የቲማቲም ሾርባ ታዛላችሁ፣ በላዩ ሃሞን ተነስንሶ ይመጣል። «ሥጋ አልበላም» ብትሉ «ሥጋ የለበትም፤ ሃሞን ብቻ ነው» የሚላችሁ አለ። እየቀለደ አይደለም። ስለዚህ በስሙ ጥሩት፦ «ሲን ሃሞን።» ያለ ሃሞን ማለት ነው። ጋስፓቾ ግን ቲማቲም፣ ኪያር፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ነው፤ ሽምብራ በስፒናች የሚሠራም አላቸው፤ ሽሮ ባይሆንም ዘመዷ ናት።

ሐበሻ ይገጥመናል ወይ ብለሻል። ስፔን ውስጥ የኛ ሰው እንደ ስቶክሆልም ወይም እንደ ፍራንክፈርት አይበዛም። ቶሬሞሊኖስ ላይ የምታገኙት ሐበሻ እንደናንተው ለእረፍት የመጣ ቢሆን ነው። አንድ የሚገርም ነገር ግን ሊገጥማችሁ ይችላል። ስፔኖች ኢትዮጵያ በ2018 የውጭ ጉዲፈቻን እስክታግድ ድረስ ከኛ አገር ብዙ ልጅ ወስደው አሳድገዋል። ስለዚህ ቁርጥ የጎንደር ልጅ የመሰለ ወጣት ባቡር ላይ ታዩና ልባችሁ ይደነግጣል፤ እጃችሁን ትላቀቃላችሁ። «ሰላም» ብትሉት «ኦላ» ነው የሚላችሁ። አማርኛ አንድ ቃል የለውም።

ከሰው ይልቅ ስልኩን ፍሩ። ከጉዞ በኋላ ችግር የገጠማቸውን ሳስብ፣ ያጋለጣቸው መንገድ ላይ ያያቸው ሰው ሳይሆን የራሳቸው ስልክ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ፎቶ በራሱ ጊዜ ከቤተሰብ ጋር የሚጋራበትን አቃፊ ዝጉ። ቦታ የሚያሳየውን አጥፉ። ፎቶ መለጠፍ ካማራችሁ ተመልሳችሁ ለጥፉ። ቡና ቤት ውስጥ ቲክቶክ የሚቀርጽ ሰው ካለ ጀርባ ስጡት ወይም እንዳይቀርጻችሁ ንገሩት፤ አይከፋውም። ይህን የምለው እናንተ ስለምታፍሩ አይደለም። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ዛሬም በእስራት ይቀጣል፤ አንቺም አዲስ አበባ ቤተሰብ አለሽ፤ አንድ ቀን ትሄጃለሽ። ማን መቼ ምን እንደሚያውቅ የምትወስኚው አንቺ ብትሆኚ ነው የሚሻለው።

ማላጋ አካባቢ እያላችሁ አንድ ፈተና ይመጣል። «የአንድ ቀን ጉዞ ወደ ሞሮኮ» የሚል ማስታወቂያ በየመንገዱ አለ። ከታሪፋ ወደብ ታንጀር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ናት። ታንጀር ውብ ናት። ግን የሞሮኮ ወንጀል ሕግ አንቀጽ 489 በተመሳሳይ ፆታ ሰዎች መሀል ያለ ግንኙነትን ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት እስራት ይቀጣል። ያቺ ባሕር ጠባብ ብትሆንም በሁለቱ ዳር ያለው ሕግ ሌላ ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የመግቢያ ጉዳይም አለ። በዚያች ቀን ሮንዳን ወይም የማላጋን የፒካሶ ሙዚየም ብታዩ ይሻላል፤ ሰውዬው የተወለደው እዚያ ነው።

ግሪክስ? ግሪክን የምመክርሽ አንድ ቦታ ላይ ነው። ሌዝቦስ ደሴት ላይ ስካላ ኤሬሱ የምትባል መንደር አለች። ሌዝቢያን የሚለው ቃል የመጣው ከደሴቲቱ ስም ነው፤ ገጣሚዋ ሳፎ ከዚያው ከኤሬሶስ ናት ይባላል። ከዓለም ዙሪያ ሴቶች ለዓመታት ሲመጡባት ኖረዋል፤ በሴፕቴምበርም የሴቶች ፌስቲቫል ይደረግባታል። እዚያ ሁለት ሴቶች መሆን የቦታው ወግ ነው። ግን ሩቅ ናት። ሚቲሊኒ በአውሮፕላን ወርዳችሁ ደሴቲቱን አቋርጣችሁ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ትጓዛላችሁ፤ መንገዱ ጠመዝማዛ ነው። መኪና የምትነዱ ከሆነና ጭፈራ የማትፈልጉ ከሆነ ከቶሬሞሊኖስ ልትበልጥባችሁ ትችላለች። ግሪክ ይህን ጋብቻ የፈቀደች የመጀመሪያዋ ኦርቶዶክስ አገር መሆኗም ለኛ ሰው ሌላ ስሜት አለው። የካህናቱ ቁጣ ግን ገና ትኩስ ነው። ለመጀመሪያ ጉዞ ስፔን እላለሁ። ለሁለተኛው ኤሬሱ።

አሁን እናትሽ። የስፔን ሰዓት በዚያ ሰሞን ከስዊድን ጋር እኩል ነው፤ አዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። እናትሽ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ስትደውል እናንተ ጋ አንድ ሰዓት ነው፤ እራት ገና አልደረሰም፤ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷታል። ስለዚህ ክፍል ስትይዙ ባሕሩን የሚያይ በረንዳ ያለው ያዙ። ካሜራውን ወደ ባሕሩ አዙሪላት። እናቶች ባሕር ሲያዩ ሌላ ጥያቄ ይረሳሉ፤ «እንዳትሰጥሚ» ነው የሚሉት። ጓደኛሽ ብቅ ብላ ሰላም ብትላትም ምንም የለው፤ አብሮ አደግ ጓደኛ ይዞ ለእረፍት መሄድ ማንም ሐበሻ የሚገባው ነገር ነው። ከዚያ ያለፈውን መቼ እንደምትነግሪያት አንቺ ታውቂያለሽ፤ እሱ የጉዞ ባለሙያ ሥራ አይደለም።

ከስቶክሆልም ማላጋ በቀጥታ አራት ሰዓት ከምናምን ነው። የበዓሉን ሳምንት ከመረጣችሁ ክፍል ቀድሞ የሚያልቀው ባሕሩን የሚያየው ነው። ኢሜይሉን ከቲኬቱ በፊት ላኪ።